የደረስጌ ገብስና የጨረቃ አቧራ

በሰሜን ደጋ ያለው ደረስጌ በታሪክ የሚነሣው በዘውድ ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ የሰሜኑንና የትግራዩን ገዥ ደጃዝማች ውቤን እዚያ ድል ነሥተው፣ ውቤ ራሳቸው ባሠሩት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። ስለ ዘውዱ ብዙ ተጽፏል፤ ያ ሁሉ ሠራዊት ምን በልቶ ደረስጌ ደረሰ ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። በዘመኑ ወታደር የሚቀለበው ከገበሬው ጎተራ ነበር፤ በሰሜን ደጋ ደግሞ ጎተራውን የሚሞላው ገብስ ነው። ገብሱ ከ3,500 ሜትር በላይ እንኳ ይዘራል። የሚዘራበት አፈር መነሻው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ፣ ባሳልት ነው። ድንጋዩን አፈር ያደረገው ምንድን ነው? ዘመን ነው ብሎ መመለስ ይቀናል፤ እኔ ግን ዘመን ብቻውን ምንም አላደረገም እላለሁ።

ምስክሬ ጨረቃ ናት። አፖሎ 11 እና 12 ያረፉባቸው ሜዳዎችም ባሳልት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ3 ቢሊዮን ዓመት በላይ ስለሆነ የሰሜን ተራራ በአጠገባቸው የትናንት ልጅ ነው። ያን ያህል ዘመን ቆይቶም ድንጋዩ አፈር አልሆነም። ዝናብ፣ ሥር፣ ትል፣ ረቂቅ ተሕዋስ በሌለበት ተወርዋሪ ድንጋይ እየደበደበው ስለታም ብርጭቆ የተቀላቀለበት አቧራ ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2022 የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአፖሎ 11፣ 12 እና 17 የመጣ አቧራ አንድ አንድ ግራም ያህል በጣት ጫፍ በሚያህሉ ጉድጓዶች አድርገው አራቢዶፕሲስ የምትባል የጎመን ዘመድ ዘሩበት።

በቀለች እኮ፣ ታዲያ የአፈር ታሪክ ምን ያደርጋል? የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ዘሩ ሁሉ በቀለ። ዘር ግን የመጀመሪያ ስንቁን በሆዱ ይዞ ነው የሚወጣ። ከሳምንት ገደማ በኋላ ሥሩ አጥሮ፣ ቅጠሉ ኮስሶ፣ ከፊሉም ወደ ቀይ ጥቁር አዘንብሎ ታየ፤ ያውም ምግብ ያዘለ ፈሳሽ እየተሰጠው። ከሦስቱ አቧራዎች ይበልጥ የጎዳት ከአፖሎ 11 የመጣው፣ በጠፈር ረጅም ዘመን ተጋልጦ የኖረው ነው። እዚያ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር መሬቱ ይከፋል። በውሃና በምግብ ፈሳሽ ብቻ ማብቀል ይቻላል የሚለውም አይሞግተኝም፤ ያ ፈሳሽ ከምድር የተጫነ ፍግ ማለት ነውና።

የሰሜን ገበሬ ያደረገውም ከዚህ አይርቅም። ባሳልት እዚህም ቢሆን በራሱ ናይትሮጅን የለውም፤ የሚመጣው ከበሰበሰ ሣር፣ ከከብት እዳሪ፣ ከባቄላ ሥር ነው። ስለዚህ ማሳ ጦም ያድራል፣ ከብት ያድርበታል፣ ገብስ ከባቄላ ጋር ይፈራረቃል። ማረሻው መሬቱን ቢሰነጥቅም ለምነቱ የተዘራው ከማረሻው በፊት ነው።

ገበሬውን አታሞግስ፣ ተዳፋቱን ያራቆተው እርሱ አይደለም ወይ? ይህ ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፣ የማልፈውም አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰሜን ተራሮች ያጠኑት ይህንኑ፣ በታረሰ ተዳፋት ላይ ጎርፍ የሚጠርገውን አፈር ነበር። ነገር ግን መታጠቡ ራሱ ለክርክሬ ይመሰክራል፦ ጎርፉ ከላይ ያለውን ጥቁር አፈር ሲወስድ ከሥር የሚቀረው ያው ባሳልት ነው፣ በዚያም ላይ ገብስ አይሆንም። እንጨት በጠፋበት ደጋ እዳሪው ማሳ ላይ መውደቁ ቀርቶ ኩበት ይጠፈጠፋል፣ ግድግዳ ላይ ይደርቃል፣ ምድጃ ይገባል። ጨረቃ ላይ ሊያርሱ ያሰቡ ሰዎች በግራም እየመዘኑ ሊጭኑት የሚገደዱት ነገር እዚህ ማታ ማታ እንጀራ ይጋገርበታል።