የነዳጅ ስንቅ፦ «ብሎክ ፊውል» በአማርኛ

በበረራ ሲሙሌተር ከዋሽንግተን ዱለስ እስከ አዲስ አበባ ቦሌ በቦይንግ 787-8 ለመብረር የተነሳ ሰው፣ ሞተር ሳያስነሳ በፊት የሚመልሰው ጥያቄ አለ፤ ስንት ቶን ነዳጅ ልጫን? ጀማሪው አብዛኛውን ጊዜ ታንከሩን ጢም አድርጎ ይሞላዋል። ከሚያንስ ቢተርፍ ይሻላል ብሎ ነው። ሒሳቡ ግን አይፈቅድለትም። 787-8 ባዶውን 120 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ታንከሮቹ ሲሞሉ 101 ቶን ያህል ነዳጅ ይይዛሉ። ይዞት እንዲነሳ የሚፈቀድለት ከፍተኛ ክብደት ደግሞ 228 ቶን ገደማ ነው። ለመንገደኛና ለጭነት የሚተርፈው 7 ቶን ብቻ ይሆናል ማለት ነው። አንድ መንገደኛ ከነሻንጣው 100 ኪሎ ቢባል፣ ከ200 በላይ መቀመጫ ያለው አውሮፕላን 70 ሰው ይዞ ሊሄድ ነው።

አብራሪዎች የሚያሰሉት «ብሎክ ፊውል» የሚሉትን መጠን ነው። ይህም አውሮፕላኑ ጎማው ሥር የተወሸቀው ታኮ ተነስቶለት ከማቆሚያው ሲንቀሳቀስ በታንከሩ ውስጥ መኖር ያለበት ጠቅላላ ነዳጅ ነው፤ «ብሎክ» የተባለውም ያ ታኮ ነው። በአማርኛ «የነዳጅ ስንቅ» ብንለው ደህና አድርጎ ይገልጸዋል። «ሙሉ ነዳጅ» ታንከሩ መሙላቱን ያመለክታልና ያሳስታል። ስንቅ ግን በልክ የሚቋጠር ነው። ስንቅ ቋጣሪ የመንገዱን ርዝመት ያሰላል፣ ወንዝ ሞልቶ ቢያሳድረው የሚበላውን ይጨምራል፤ ተሸካሚው ራሱ ስለሆነም ከዚያ አያበዛም።

ስንቁ ውስጥ ምን ምን አለ? ይህንኑ የዱለስ–ቦሌ በረራ በተጠጋጋ ቁጥር እንየው። ከማቆሚያው እስከ መንደርደሪያው ለሚደረገው የመሬት ላይ ጉዞ ግማሽ ቶን ይበቃል። ዋናው የመንገድ ነዳጅ ነው፤ አውሮፕላኑ በሰዓት 5 ቶን ያህል ስለሚያቃጥል ለ13 ሰዓት 65 ቶን። በዚህ ላይ ነፋሱ ከተተነበየው ቢከፋ ወይም የተፈለገው ከፍታ ቢከለከል የመንገዱ ነዳጅ 5 በመቶ ለመጠባበቂያ ይያዛል፤ 3.25 ቶን። ቦሌ በጉም ቢዘጋ ናይሮቢ ለመድረስ 1,160 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚቀር 7.5 ቶን ያህል ይጨመራል። በመጨረሻ «የማይነካ» ሊባል የሚገባ ነዳጅ አለ፤ ከአማራጭ ማረፊያው በላይ በ1,500 ጫማ ለ30 ደቂቃ የሚያዞር፣ 2 ቶን ገደማ። በእውነተኛው በረራ ካፒቴኑ ሲያርፍ ከዚህ በታች እንደሚቀረው ካወቀ የነዳጅ «ሜይዴይ» ማወጅ ግዴታው ነው። ድምሩ 78 ቶን ተኩል ሳይሞላ ያልቃል። አሁን ለሰውና ለጭነት ከ29 ቶን በላይ ተገኘ።

ትርፍ ነዳጅ የሚጎዳው ቦታ በመያዝ ብቻ አይደለም። በረጅም በረራ ላይ ከተጫነው ትርፍ ነዳጅ በየሰዓቱ ከ3 እስከ 4 በመቶው ራሱን ለመሸከም ይቃጠላል። በ13 ሰዓት ሲሦው ወይም ከዚያ በላይ ቦሌ ሳይደርስ አለቀ ማለት ነው። ክብደቱ ከፍታም ይነፍጋል። ሲነሳ የከበደው አውሮፕላን በ35,000 ጫማ ይጀምርና ነዳጁ ሲቀንስለት ወደ 37,000፣ ወደ 39,000 እያለ በእርከን ይወጣል። ከልክ በላይ የተጫነው ግን ሞተር የበለጠ በሚበላበት ዝቅተኛ ከፍታ ላይ ረጅም ሰዓት ይቆያል።

ስንቁን የሚወስነው መንገዱ ነው። በዱለስና በቦሌ መካከል ያለው አጭሩ መስመር 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አትላንቲክን ተሻግሮ በፖርቱጋል፣ በስፔን፣ በአልጄሪያ፣ በሊቢያና በሱዳን ላይ ያልፋል። የሱዳን ሰማይ ግን በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጦርነት ሲጀመር ለሲቪል በረራ ተዘግቶ ነበር። በሲሙሌተር ማንም አይከለክልም፤ እንደ እውነተኛው በረራ መብረር የሚፈልግ ግን እንዲህ የተዘጋ ሰማይ ካለ ዙሪያውን ዞሮ ስንቁን ማስተካከል አለበት። አትላንቲክ ላይ ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ጄት ስትሪም አለ። በሰሜን ንፍቀ ክበብ የብርድ ወራት ፍጥነቱ ከ100 ኖት ሊያልፍ ይችላል። ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን ከኋላው ይገፋዋል፣ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን ይጋፈጠዋል።

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ውጤቱን በአካል ያውቁታል፤ ወደ አገር ቤት ሲመጡ ሳያርፉ ቦሌ ይገባሉ፣ ሲመለሱ ግን አውሮፕላኑ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። በተለያዩ ዓመታት ሮም፣ ደብሊን፣ ሎሜ ላይ ሲያርፍ ቆይቷል። አንዱ ምክንያት ነፋሱ ነው፤ የሚያስገርመው ግን ቦሌ ራሱ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ነው፣ ዱለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ክንፉም የሚያነሳውን ኃይል ለማግኘት በመሬት ላይ የበለጠ ፍጥነት ይጠይቃል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከዱለስ የሚነሳበትን ክብደት ከቦሌ ይዞ መነሳት አይችልም፤ የሚቀነስለት ደግሞ ስንቁ ነው።

የበረራ ዕቅዱን የሚያሰላ እንደ ሲምብሪፍ ያለ ነፃ መሣሪያ አለ፤ የዕለቱን ነፋስ አይቶ ስንቁን ዘርዝሮ ያወጣል። አንድ ነገር ግን በዓይን መታየት አለበት፤ መለኪያው። በ1983 እ.ኤ.አ. በካናዳ አንድ ቦይንግ 767 የሚያስፈልገው 22,300 ኪሎ ሲሆን በፓውንድና በኪሎ መምታታት የተነሳ ከግማሽ በታች ነዳጅ ይዞ ተነሳ። በ41,000 ጫማ ላይ ሞተሮቹ ጠፉ፤ አብራሪዎቹ ጊምሊ በተባለች ከተማ አሮጌ የጦር ሰፈር ላይ ያለ ሞተር አሳረፉት፣ ሁሉም ተረፉ። ሲሙሌተሩ በፓውንድ፣ ዕቅዱ በኪሎ ከሆነ ያው ስሕተት ማያ ገጽዎ ላይ ይደገማል።

እንግዲህ ዱለስን ከመልቀቅዎ በፊት የሲሙሌተሩንም የዕቅዱንም መለኪያ ወደ ኪሎ ያስተካክሉ፣ ስንቁንም ከዕቅዱ ላይ ወስደው ይጫኑ። ቦሌ ሲደርሱ ቢያንስ የናይሮቢውና የማይነካው ነዳጅ ታንከሩ ውስጥ መቅረቱን ይመልከቱ።