የትሮትስኪ ልጅ በስደት

ሌቭ ሴዶቭ እ.ኤ.አ. በ1906 ሴንት ፒተርስበርግ ሲወለድ አባቱ፣ አብዮተኛው ሊዮን ትሮትስኪ፣ የዛሩ እስረኛ ነበር። ሴዶቭ የእናቱ የናታሊያ ስም ነው፤ ቤተሰቡ ሊዮቫ ይለዋል።

በ1928 መጀመሪያ ስታሊን ተቀናቃኙን ትሮትስኪን ወደ አልማ አታ ሲያግዘው፣ ሊዮቫን ሂድ ያለው ማንም አልነበረም። የ21 ዓመት ወጣት ነው፤ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ሞስኮ ትቶ አባቱን ተከተለ። ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ብቻ 800 ያህል የፖለቲካ ደብዳቤና 550 ያህል ቴሌግራም ከዚያ ቤት ሲወጣ ሥራው በሊዮቫ እጅ ነበር። ምስጢራዊውን ደብዳቤ ለመቀበልም በዝናብና በበረዶ ሌሊት ይወጣል፤ ሰላዮቹን አምልጦ መልእክተኛውን አንዴ በሕዝብ መታጠቢያ ቤት፣ አንዴ ፈረስና አህያ በሚተራመስበት ገበያ መሃል ያገኘዋል።

ከዚያ ቱርክ፣ በርሊን፣ በመጨረሻም ፓሪስ። በ1933 በአባት የምትገናኘው እህቱ ዚና በርሊን ውስጥ ራሷን አጠፋች፤ ልጇን ሴቫን ፓሪስ ላይ ተቀብሎ ያሳደገው እሱ ነው። የስታሊንን ተቃዋሚዎች መጽሔት የሚያሳትመውም እሱ፣ መጽሔቱ በዘገየ ቁጥር የአባቱን ቁጣ የሚቀበለውም እሱ።

ሊዮቫን ሁልጊዜ ከአባቱ ጥላ ሥር የሚያስቀምጡት ሰዎች 1936ን የዘነጉ ይመስለኛል። በዚያ ዓመት የሞስኮው ችሎት አባትና ልጅን በሌሉበት በነፍሰ ገዳይነት ወነጀለ። ትሮትስኪ ኖርዌይ ውስጥ በቁም እስር አፉን ተለጉሟል። መልስ መስጠት ለልጁ ቀረና ሊዮቫ «ቀዩን መጽሐፍ» ጻፈ። ከተከሳሾቹ አንዱ በ1932 ኮፐንሃገን፣ ብሪስቶል ሆቴል ከሊዮቫ ጋር እንደተቃጠረ ተናዝዞ ነበር። ሆቴሉ ግን በ1917 ፈርሷል! ሊዮቫም በዚያ ሰሞን በርሊን ትምህርቱ ላይ ነበር፤ ኮፐንሃገንን በዓይኑ አይቶ አያውቅም።

ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይ ፖለቲካን ሸሽቶ፣ መሐንዲስ ሆኖ አገሩ ቀረ። አልማሩትም፤ በ1937 ረሸኑት።

ፓሪስ ውስጥ የሊዮቫ የቅርብ ረዳት «ኤቲየን» የሚባል ሰው ነበር። የፖስታ ሣጥኑን ቁልፍ ሳይቀር አምኖ ሰጥቶታል። የሰውየው እውነተኛ ስም ማርክ ዝቦሮውስኪ ሲሆን የሞስኮ ሰላይ ነበር። በፌብሯሪ 1938 ሊዮቫን ትርፍ አንጀት ሲያመው፣ የሩሲያ ስደተኞች ወደሚሠሩበት ትንሽ ክሊኒክ በሐሰት ስም ገባ። ኤቲየን ቦታውን ለአለቆቹ አስታወቀ። ቀዶ ሕክምናው ደህና ሄዶ፣ ሕመምተኛው ማገገም ጀምሮ ነበር። ከቀናት በኋላ ግን በሌሊት እየቃዠ፣ እርቃኑን ሊሆን ምንም ሳይቀረው በኮሪደሩ ሲንከራተት ተገኘ። ፌብሯሪ 16 ሞተ፤ 32 ዓመት ሊሞላው ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር። ተመርዞ ይሁን በሕክምና ጉድለት የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ትሮትስኪ ኋላ በተሰደደባት በሜክሲኮ ባወጣው የኀዘን ጽሑፍ፣ ከ1928 ወዲህ በታተሙት መጻሕፍቱ ላይ ሁሉ ለማለት ይቻላል፣ የልጁ ስም ከስሙ ጎን መጻፍ ይገባው እንደነበር መሰከረ። ዝቦሮውስኪ አሜሪካ ገብቶ የአንትሮፖሎጂ ምሁር ሆነ። ኋላ የታሰረው በሐሰት በመማሉ ነው፤ በሊዮቫ ሞት የተጠየቀ ሰው የለም።