ከአዋሽ ዳር እስከ አርባ ምንጭ፦ አዞን የማኖር ታሪክ

በአፋር ምድር አዞ የቆየ ነዋሪ ነው። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ድንቅነሽ (ሉሲ) በተገኘችበት በሐዳር፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረው ደለል የአዞና የኤሊ እንቁላል ቅሪትም አቅፎ ነበር። ዛሬ በአዋሽ የሚኖረው የዓባይ አዞ የሚባለው ዝርያ ነው። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከፏፏቴው በታች ድንጋይ ላይ ተኝቶ ይታያል፤ ቁልቁል ወርዶም በአይሳኢታ አካባቢ ባሉት ሐይቆች ይኖራል። አሊጌተር የሚባለው ዘመዱ የአሜሪካና የቻይና እንስሳ ስለሆነ በአፍሪካ ወንዞች አይገኝም። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1926 ዓ.ም. ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ ወንዙን የተከተለው ይህን መጨረሻ ለማየት ነበር።

አዞን ይዞ የማኖር ልማድ ግን የተጀመረው በሌላ ወንዝ ዳር ነው። የጥንት ግብፃውያን በፋዩም ሶቤክ ለሚባለው አምላካቸው የተለየ አዞ በሐይቅ ውስጥ ያኖሩ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ25 ገደማ አገሩን የጎበኘው ግሪካዊው ስትራቦን፣ ካህናቱ የእንስሳውን አፍ ከፍተው ኅብስትና ሥጋ ሲያጎርሱት፣ በማር የተበረዘ መጠጥም ሲያፈሱለት ማየቱን ጽፏል። ከዚህ የአምልኮ ትርኢት ይልቅ ለአያያዝ ታሪክ የሚጠቅመው ሌላው ወሬው ነው። አዞዎች ለትርኢት ወደ ሮም በተወሰዱ ጊዜ፣ አብረው የሄዱት የግብፅ ዴንዴራ ሰዎች ከገንዳው ጎን መደብ አሠርተው ነበር፤ አዞዎቹንም በመረብ እየጎተቱ እዚያ ላይ ፀሐይ ያሞቋቸው ነበር። እነዚያ ሰዎች የገባቸው ነገር ለሌሎች ሳይተላለፍ የቀረ ይመስላል። በ400 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ሲማኩስ የተባለው ሮማዊ ባላባት ለልጁ ትርኢት ያስመጣቸው አዞዎች ለ50 ቀን እህል አልቀመሱም። አዞ የሰውነቱን ሙቀት ከውጭ የሚያገኝ እንስሳ ስለሆነ፣ ሲበርደው የበላውን መፍጨት ያቅተዋል፤ ሲጨነቅም መብላት ይተዋል። ከሁለቱ የትኛው እንደያዛቸው ሲማኩስ አልጻፈም፤ ጥርሳቸውን እንጂ ሆዳቸውን ያሰበላቸው ሰው የነበረ አይመስልም።

በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ሲጠበቅ የኖረው አንበሳ ነው፤ አዞ እንዲህ ያለ ክብር አላገኘም። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የቆዳው ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወደድ፣ በብዙ የአፍሪካ ወንዞችና ሐይቆች ያለ ገደብ ታደነ። በአዋሽም በዚያው ዘመን ወንዙ ራሱ ተለወጠ፤ በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተጠናቀቀ፣ ከዚያም በተንዳሆና በሌሎች ቦታዎች የጥጥ እርሻ ተስፋፋ። አዞ እንቁላሉን የሚጥለው ጎርፍ በማይደርስበት፣ ግን ከውሃው ብዙ በማይርቅ ልል አፈር ውስጥ ነው። እርሻውም የሚመርጠው ይህንኑ ዳርቻ ነው።

መፍትሔ ተብሎ የመጣው እርባታ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ካሪባ ሐይቅ ዳር የተጀመረው አሠራር እንቁላል ከዱር ሰብስቦ መፈልፈልና ማሳደግ ነበር። በዱር እንቁላሉን አርጃኖና ዝንጀሮ ይበሉታል፣ ጎርፍ ይወስደዋል፤ ከሚፈለፈለውም ለአቅመ አዞ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የተወሰነው ድርሻ አድጎ ወደ ውሃው ቢመለስ ወንዙ አይጎዳም የሚል ስሌት ነው። የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚገዛው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሳይተስ፣ በ1967 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል የዓባይ አዞ ንግድ ታገደ፤ ኋላም እርባታ ላላቸው አገሮች ቁጥጥር ያለበት ንግድ ተፈቀደ፤ ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. አባል ሆነች።

የኢትዮጵያው እርባታ በ1976 ዓ.ም. አካባቢ የተቋቋመው በአዋሽ ሳይሆን በአርባ ምንጭ፣ በዓባያ ሐይቅ ዳር ነው። አጠገቡ ጫሞ አለ። አዞዎች ተሰጥተው ፀሐይ የሚሞቁበት የጫሞ ዳርቻ «የአዞ ገበያ» ይባላል፤ ገበያ ይባል እንጂ የሚሸጥም የሚገዛም የለበትም።

የሥራው ጥንቃቄ ከእንቁላሉ ይጀምራል። ከተጣለ ከአንድ ቀን ገደማ በኋላ ፅንሱ ከላይኛው የቅርፊት ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ ያኔ እንቁላሉን ያገላበጠ ሰው ፅንሱን ይገድለዋል። ስለዚህ የላይኛው ጎን በእርሳስ ምልክት ተደርጎበት እንዳለ ይነሣል፣ እንዳለ ይቀመጣል። ሦስት ወር በሚጠጋው ጊዜ ፆታን የሚወስነው ሙቀት ነው፤ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ወንድ ይበዛል፣ ከዚያ ሲወርድም ሲወጣም ሴት። የተፈለፈለው ግልገል 30 ሳንቲ ሜትር ያህላል፤ ድንገት ከደነገጠ ከጓደኞቹ ጋር ጥግ ላይ ተደራርቦ ይታፈናል። ከአጥንት የተለየ ሥጋ ብቻ ከተመገበ በካልሲየም እጥረት መንጋጋው ይለሰልሳል። ትልቁ ትንሹን ስለሚበላ፣ ገንዳዎቹ በመጠን ይለያያሉ።

አዋቂውን መያዝ ሲያስፈልግ ሰዉ የሚፈራው መንጋጋውን ነው። መንጋጋውን የሚገጥሙት ጡንቻዎች እጅግ ብርቱ ሲሆኑ የሚከፍቱት ግን ደካማ ናቸው፤ አፉ አንዴ ከተዘጋ ገመድ ወይም ሰፊ ፕላስተር ይበቃዋል። ዓይኑ በእርጥብ ጆንያ ሲሸፈን ይረጋጋል። ጅራቱ ግን ነጻ ነው፤ ሰውን የሚሰብረውም እሱ ነው። ብዙም የማይታወቀው አደጋ የራሱ የአዞው ነው፤ ትልቅ አዞ በገመድ ለረጅም ጊዜ ሲታገል በደሙ የሚጠራቀመው አሲድ ከሰዓታት በኋላ ሊገድለው ይችላል። የተካነ ሠራተኛ ስለዚህ ትግሉን ያሳጥራል፤ ሲለቅም የአፉን ማሰሪያ ፈትቶ፣ ጆንያውን መጨረሻ ላይ ከኋላ ስቦ ይርቃል።

ወደ አፋር ስንመለስ፣ በሰመራ የዴንዴራዎቹ ችግር ተገልብጦ ይገኛል። በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ጥላ ውስጥ እንኳ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ አዞ የሚመቸው የሰውነት ሙቀት ግን በ30ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ ሲያልፍ አፉን ከፍቶ ይቀዘቅዛል፣ ካልበቃው ውሃ ውስጥ ይገባል። አፉ የታሰረና ከውሃ የወጣ አዞ ሁለቱንም አይችልም። እንዲህ ባለ አገር የሚያስፈልገው ፀሐይ መሞቂያ መደብ ሳይሆን ጥላና እስከ ሥሩ የማይሞቅ ጥልቅ ገንዳ ነው፤ መያዝና መመዘንም ጎህ ሲቀድ ይጀመራል፣ ፀሐይ ሳትበረታ ያልቃል።