በአእምሮ ጤና ጉዳት ከሠራዊት የተሰናበቱ ወገኖች የጉዳት ጡረታና የይግባኝ መብት

ወልድያ፦ በሰሜን ወሎ ጦርነትን በወሬ ብቻ የሚያውቅ ቤተሰብ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም በተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የዘመቱ አባቶች አሉ፤ በ2013 ዓ.ም በተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት የተሰለፉ ልጆችም አሉ። ወልድያና አካባቢዋም ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም የጦርነቱን ገፈት ቀምሰዋል።

ከግንባር ከተመለሱት መካከል እግሩን ወይም ዓይኑን ያጣ ሰው ጉዳቱ ምስክር አያሻውም። ሌላው ግን አካሉ ሙሉ ሆኖ ሌሊት በቅዠት ይባንናል፤ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፤ ከሰው ይሸሻል፤ እርሻውን ጀምሮ ሳይጨርስ ይተወዋል። በሕክምናው ዓለም ፒቲኤስዲ በመባል የሚታወቀው የድኅረ አደጋ ሰቀቀን እንዲህ ካሉ ምልክቶች የሚታወቅ ሕመም ነው። ሥሩ የተጎዳ ተክል ቅጠሉ ለምልሞ ሊታይ እንደሚችል ሁሉ፣ የዚህ ሰው ጉዳትም ለሩቅ ተመልካች አይታይም። የጡረታ ጥያቄውም ብዙ ጊዜ ክርክር የሚነሣበት ከዚህ የተነሣ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የመከላከያ ሠራዊትና የፖሊስ አባላት የጡረታ መብት የሚመራው በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ ነው። ሥርዓቱ በ1955 ዓ.ም ከወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ጀምሮ የቆየ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 714/2003 እንደገና ተደንግጎ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ተተክቷል። አፈጻጸሙም የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ኃላፊነት ነው።

በጤና ምክንያት ከአገልግሎት የሚሰናበት አባል በሁለት መንገድ ሊስተናገድ ይችላል። የመጀመሪያው የጤና ጉድለት ጡረታ አበል ነው። ይህ መንገድ ሕመሙ ከሥራው መምጣቱን አይጠይቅም፤ ነገር ግን ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገልን ይጠይቃል። አገልግሎቱ ከዚያ ያነሰ ሰው ዳረጎት፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ተቀብሎ ይሸኛል። ሁለተኛው የጉዳት ጡረታ አበል ነው። በሥራ ምክንያት ከ10 በመቶ ያላነሰ ጉዳት ደርሶበት ለሥራ ብቁ አለመሆኑ የተረጋገጠ ሰው፣ የአገልግሎት ዘመኑ ሳይቆጠር፣ ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ይከፈለው ከነበረው የወር ደመወዝ 47 በመቶው ዕድሜ ልኩን ይታሰብለታል።

የልዩነቱን ክብደት በምሳሌ እንመልከት። ከሀብሩ ወረዳ ተመልምሎ 4 ዓመት ያገለገለ አንድ ወጣት በአእምሮ ሕመም ተሰናበተ እንበል። የሕክምና ቦርዱ ሕመሙ በአገልግሎቱ ምክንያት የመጣ ነው ካለ ወርኃዊ አበል ያገኛል። ምክንያቱን ሳይጠቅስ ሕመሙን ብቻ ካሰፈረ ግን በዳረጎት ሊሸኝ ይችላል። የወጣቱ የወደፊት ኑሮ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ላይ ይንጠለጠላል ማለት ነው።

አከራካሪው ነጥብ

ሕጉ በሥራ ምክንያት የሚደርስን ጉዳት በሁለት ይከፍለዋል፤ አንደኛው በሥራ ላይ በድንገት የሚደርስ አደጋ፣ ሁለተኛው ከሥራው ጠባይ የሚመጣ በሽታ ነው። የጥይት ቁስል ቀንና ቦታ አለው፤ የአእምሮ ቁስል ግን ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። ስለዚህ አመልካቹ ጉዳቱን ከአንድ ቀን አደጋ ጋር ብቻ ማያያዝ የለበትም። ሕመሙ በውጊያ ኑሮ ውስጥ ቀስ በቀስ የተጠራቀመ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ ጽፎ፣ ከሥራው የመጣ በሽታ መሆኑንም በአማራጭ ቢያቀርብ ይበጀዋል።

ይግባኙ ለማን ይቀርባል?

በአስተዳደሩ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ባለመብት ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አቤት ማለት ይችላል። በጉባኤው ውሳኔ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ተፈጽሟል የሚል ወገንም ጉዳዩን እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ማድረስ ይችላል። ሰበር ግን የሕግ ስሕተትን እንጂ የሐኪም ወረቀትን እንደ አዲስ የሚመዝን ችሎት አይደለም። በመሆኑም ማስረጃ ሁሉ ተሟልቶ መቅረብ ያለበት ጉባኤው ዘንድ ነው። ይግባኝ የሚቀርብበት ጊዜ የተወሰነ ነው፤ የጡረታ ጥያቄም በይርጋ ይታገዳል። የውሳኔው ደብዳቤ የደረሰበት ቀን ተመዝግቦ መያዝ፣ የይግባኙ ቀነ ገደብም በዚያው ዕለት መጠየቅ ይኖርበታል።

የሌላው አገር ልምድ

የውጊያ ሰቀቀን በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ውስጥ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ የሰፈረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ነው። በዚያች አገር ይግባኙን የሚመለከት የቀድሞ ተዋጊዎች ይግባኝ ቦርድ አለ። ለጥያቄውና በመቃወሚያው በኩል የቀረበው ማስረጃ ሚዛኑ እኩል ከሆነ ጥርጣሬው ለተዋጊው ጥቅም እንዲተረጎም ሕጋቸው ያዛል። በ2010 የወጣ ደንብም፣ ሕመሙ ከጠላት ጥቃት ፍርሃት የመነጨ መሆኑን የመንግሥት የሥነ አእምሮ ባለሙያ ካረጋገጠና ሁኔታው ከአገልግሎቱ ጋር የሚስማማ ከሆነ፣ ተዋጊው ስለደረሰበት ነገር የሚሰጠው ቃል ብቻውን እንዲበቃ አድርጓል። እዚያም ቢሆን የክርክሩ እምብርት ሕመሙን ከአገልግሎቱ ጋር ማያያዝ ነው።

ምን መያዝ ያስፈልጋል?

ብዙ ቤተሰብ ሕመምተኛውን ወደ ጠበል ወይም ወደ ዱዓ ይወስዳል። ይህ የእምነት ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን ከሕክምና ጋር ጎን ለጎን እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል። ሐኪም ያላየው ሕመም የሕክምና ካርድ የለውም፤ ካርድ የሌለው ሕመም ደግሞ በይግባኝ ጊዜ የሚያስረዳለት አያገኝም። ስለዚህ፦

– የመጀመሪያው የሕክምና ቀን፣ ካርድና የመድኃኒት ማዘዣ አይጣል፤
– የሥነ አእምሮ ባለሙያው የሕመሙን ስም ብቻ ሳይሆን መነሻውንም እንዲጽፍ ይጠየቅ፤
– ሕመምተኛው የተሰለፈበትን ክፍል፣ ቦታና ጊዜ የሚገልጽ ማስረጃ ከመከላከያ ይወሰድ፤
– አብረውት ያገለገሉ ጓዶች ያዩትን በጽሑፍ ይመስክሩ፤
– የቤተሰቡ አባላት ከዘመቻው በፊትና በኋላ ያስተዋሉትን ለውጥ ያስረዱ፤
– እያንዳንዱ ወረቀት ከመሰጠቱ በፊት ቅጂ ይቀመጥ።

በደመወዝ ያልታቀፉትስ?

የጡረታ ሕጉ የቆመው በደመወዝና በመዋጮ ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 714/2003 አባሉ 7 በመቶ፣ መንግሥት ደግሞ ለወታደርና ለፖሊስ 25 በመቶ እንዲያዋጡ ተደንግጓል። ስለዚህ የእርሻ መሣሪያውን አስቀምጦ ያለ ደመወዝ የዘመተ አርሶ አደር በዚህ ይግባኝ መንገድ መሄድ ሊያስቸግረው ይችላል። ሆኖም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን ለማቋቋም የአገሪቱ አቅም በፈቀደው መጠን እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይናገራል። የእርሱ ጥያቄ በዚህ ላይ ሊመሠረት፣ ለቀበሌውና ለወረዳው አስተዳደርም ሊቀርብ ይችላል። ለእርሱም ቢሆን የሕክምና ካርዱ የጥያቄው መነሻ ነውና ሕክምናውን ነገ ዛሬ ሳይል ይጀምር።