ነባሪ ቅንብርና የተጫዋቾች ደኅንነት፦ ከፎርትናይት ክስ የሚወሰድ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከፎርትናይት ጌም ባለቤት ከኤፒክ ጌምስ ጋር የ520 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ላይ መድረሱን አስታወቀ። ከዚህ ውስጥ 245 ሚሊዮኑ ሳይፈልጉ ገንዘብ ለተቆረጠባቸው ተጫዋቾች ተመላሽ የሚሆን ሲሆን፣ 275 ሚሊዮኑ ደግሞ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን የግል መረጃ የሚጠብቀውን የ1998ቱን ሕግ በመጣሱ የተጣለ ቅጣት ነው። ብዙዎችን ያነጋገረው የገንዘቡ መጠን ነበር። ከመጠኑ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ግን በክሱ ውስጥ የሰፈረ አንድ ጭብጥ ነው፤ በፎርትናይት የድምፅና የጽሑፍ መነጋገሪያው ለልጆችም ጭምር ክፍት ሆኖ ነበር የሚመጣው።

ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ ምርቱ ይዞት የሚመጣው ምርጫ ነባሪ ቅንብር ይባላል። ፎርትናይት ልጆችን ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር እያቀላቀለ ያጫውታል፤ ማይክሮፎኑ ክፍት ከሆነ የማያውቁት አዋቂ በቀጥታ ሊያናግራቸው ይችላል። ኮሚሽኑ እንደገለጸው፣ በዚህ መንገድ ልጆች ስድብ፣ ዛቻና ትንኮሳ ደርሶባቸዋል፤ ራስን ስለ ማጥፋት የሚነገር ወሬም ጆሯቸው ገብቷል። የኩባንያው ሠራተኞች ከ2017 ጀምሮ መነጋገሪያው ተዘግቶ እንዲመጣና የፈለገ እንዲከፍተው አሳስበው ነበር። ማጥፊያው በኋላ ሲጨመርም በቀላሉ የማይገኝ ቦታ ላይ ተቀመጠ። እንግዲህ ችግሩ ካለማወቅ የመጣ አልነበረም። አደጋው ታውቆ፣ መፍትሔውም ቀርቦ ሳለ ነው ቅንብሩ እንዳለ የቀጠለው።

ስለ ልጆችና ጌም ሲነሳ ጣታችን ቶሎ ወደ ወላጅ ይቀሰራል። ወላጅ ኃላፊነት አለበት፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን አብዛኛው ሰው፣ የተማረውም ጭምር፣ ቅንብር ከፍቶ አንድ በአንድ አያይም። በሜሪላንድ ሌሊት ሠርታ ጠዋት የምትተኛ እናት፣ ወይም በዱባይ ሆኖ በስልክ ብቻ ልጁን የሚያሳድግ አባት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ዝርዝር ውስጥ ገብተው የተደበቀ ማጥፊያ እንዲያገኙ መጠበቅ ኃላፊነትን አቅም ወደሌለው ማሸጋገር ነው። ነባሪው ቅንብር አስተማማኝ ከሆነ ግን የእነዚህም ወላጆች ልጅ ይጠበቃል።

ለልጆች አስተማማኝ መነጋገሪያ መሥራት እንደሚቻል ደግሞ ከፎርትናይት በፊት ታይቷል። በ2005 በካናዳ የተጀመረውና በ2007 ዲዝኒ በ350 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ክለብ ፔንጉዊን የተባለው የኦንላይን ጌም ለልጆች ተብሎ የተሠራ ስለነበር፣ ወላጅ ከፈለገ ልጁ አስቀድመው ከተዘጋጁ ዓረፍተ ነገሮች እየመረጠ ብቻ እንዲነጋገር ማድረግ ይችል ነበር።

መንግሥታት የሞከሩት ሌላ መንገድ ሰዓት መገደብ ነው። ደቡብ ኮሪያ ከ2011 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ የኦንላይን ጌም እንዳይጫወቱ ከለከለች። ልጆቹ በወላጆቻቸው መለያ ቁጥር ይገቡ ጀመር፤ ጨዋታውም ገደቡ ወደማይነካው ወደ ሞባይል ዞረ። ሕጉ በ2021 እንዲሻር ተወስኖ በ2022 መጀመሪያ ቀረ። ሰዓት መገደብ ልጁ በቀን ከማን ጋር እንደሚያወራ አይመለከትም። ከዚህ ይልቅ ወደ ነገሩ ሥር የቀረበው ብሪታንያ በ2020 ሥራ ላይ ያዋለችው፣ 15 መስፈርቶች ያሉት ደንብ ነው። ደንቡ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሊጠቀሙበት በሚችሉት ማንኛውም አገልግሎት የግላዊነት ቅንብሩ ከመነሻው ከፍተኛ እንዲሆን፣ ልጁ ያለበትን ቦታ የሚያሳየው አገልግሎትም ጠፍቶ እንዲመጣ ያዛል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል፦ ልጁን ከአዋቂው በምን እንለየዋለን? የልደት ቀን ቢጠየቅ መዋሸት ቀላል ነው። ሮብሎክስን የመሰሉ የጌም ኩባንያዎች አሁን ዕድሜን ከፊት ምስል መገመት ጀምረዋል። ይህ ግን ልጅን ለመጠበቅ ሲባል ከልጁ ተጨማሪ የግል መረጃ መውሰድ ነው፤ ስጋቴም እዚህ ላይ ነው። ከማያውቁት ሰው ጋር መነጋገሪያው ለሁሉም ተጫዋች ተዘግቶ ቢመጣና የፈለገው ራሱ ቢከፍተው፣ ለዚህ ጉዳይ የማንንም ዕድሜ መመርመር አያስፈልግም። አዋቂውም ይጠቀማል። ድምፃቸው እንደተሰማ ስድብና ትንኮሳ የሚወርድባቸው ሴት ተጫዋቾች ዛሬ ራሳቸውን የሚከላከሉት ማይክሮፎናቸውን በማጥፋት፣ ማለትም ከጨዋታው ግማሹን በመተው ነው።

መዝጋት ሲባል ልጆችን ከጓደኞቻቸው መለየት ማለት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ በ2021 ባወጣው 25ኛ አጠቃላይ አስተያየት በዲጂታሉ ዓለም መጫወትም ከጥቃት መጠበቅም የልጅ መብቶች መሆናቸውን አስፍሯል። የሚያውቁትን ጓደኛ ማናገርና የማያውቁት ሰው ሲያናግር ዝም ብሎ መስማት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱን በአንድ ማብሪያ ማሰር የሠሪው ምርጫ እንጂ የቴክኖሎጂው ግዴታ አይደለም።

ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ንም በ2016 ዓ.ም. አውጥታለች። አዋጁን ለማስፈጸም መመሪያ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ለልጆች የሚቀርብ ማንኛውም አገልግሎት ከመነሻው በአስተማማኝ ቅንብር እንዲመጣ የሚያስገድድ አንቀጽ እንዲያካትቱ እጠይቃለሁ።