ከቴክሳስ ወንዝ እስከ ዓባይ በረሃ፦ የድንጋዩ ቀንድ ነገር

ዛሬ ኤርፖርት የታክሲው ተራ አልንቀሳቀስ ብሏል፤ ከፊቴ 40 መኪና አለ። እንግዲህ ቃሌን ልፈጽም። ባለፈው እሑድ የለጠፍኩት የድንጋይ ፎቶ ጥያቄ አብዝቶብኛል። አንዱ "የተጠቀለለ እባብ ነው" ይላል፣ ሌላው "የበግ ቀንድ ነው" ይላል፣ አንድ ወዳጄ ደግሞ "ስንት ያወጣል?" ብሎ ነገሩን በቀጥታ ገበያ አወጣው። እኔም ራሴ ከፎቶው ሥር "የድንጋይ ቀንድ አውጣ" ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ። ከዚህ የባሰ ስሕተት ደግሞ ለልጄ ነግሬአታለሁ፤ እሱን ቆይቼ እመጣበታለሁ።

ድንጋዩን ያገኘነው ኖርዝ ሰልፈር ከሚባል ወንዝ ነው። ከዳላስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስነዳል። የጠቆሙኝ አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ከኤርፖርት ቤታቸው ሳደርሳቸው መንገዱን ሙሉ ስለ ድንጋይ ሲያወሩኝ ነበር። መጀመሪያ ሰውዬው ብቸኝነት ይዟቸው መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን ነገሩ ያዘኝ።

የወንዙ ታሪክ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ድሮ እየተጠማዘዘ የሚሄድ፣ ክረምት ሲመጣ የገበሬውን ማሳ የሚያጥለቀልቅ ወንዝ ነበር። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰዎቹ መከሩና ቀጥ ያለ ቦይ ቆፈሩለት። ውኃው የሚያዘገየው ጥምዝ ሲያጣ ጊዜ ጉልበት አገኘ። ሥሩ ያለው ድንጋይ ደግሞ ለስላሳ ነው፤ እየፋቀ፣ እየቦረቦረ ወረደ። መጀመሪያ ጠባብ የነበረው ቦይ ዛሬ ሸለቆ ሆኗል፤ አፋፉ ከ10 ሜትር በላይ የሚሆንበት ቦታ አለ። ጎርፍ እናስቆም ያሉ ገበሬዎች ሳያስቡት ወደ 80 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ የባሕር ወለል ከፈቱ። ያን ጊዜ ሰሜን አሜሪካን ከላይ እስከ ታች ለሁለት የሚከፍል ባሕር ነበር። ዛሬ በቆሎና ከብት የምታዩበት ቴክሳስ የዚያ ባሕር ሥር ነው።

አሁን ወደ ድንጋዩ። ስሙ አሞናይት ይባላል። ቀንድ አውጣ አይደለም፤ ቅርብ ዘመዶቹ እነ ስኩዊድና ኦክቶፐስ ናቸው። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከዳይኖሰሮች ጋር አብሮ ጠፋ። ከቀንድ አውጣ እንዴት ይለያል ላላችሁኝ፣ እናቶቻችን ስፌት ሲጀምሩ አስታውሱ። አክርማውን መሃል ላይ ጠቅልለው ዙሪያውን እያዞሩ ጠፍጣፋ አድርገው ያሳድጉታል። አሞናይት እንደ ሰፌድ ነው፤ በአንድ ገጽ ላይ ይጠቀለላል። አብዛኛው ቀንድ አውጣ ግን እየዞረ ወደ አንድ ጎን ይሾላል፣ እንደ አገልግል ክዳን። ሁለተኛው ምልክት ላዩ ላይ ያለው መስመር ነው። እንስሳው ሲያድግ ከኋላው ያለውን ክፍል በግድግዳ እየዘጋ ወደፊት ይወጣ ነበር። ግድግዳው ከቅርፊቱ ጋር የተገናኘበት መስመር እንደ ብራና መጽሐፍ ሐረግ የተወሳሰበ ከሆነ አሞናይት ነው። መስመሩ ለስላሳና ቀለል ያለ ጎባጣ ከሆነ ደግሞ እስከ ዛሬ በባሕር የሚኖረው የናውቲለስ ወገን ነው።

ብዙ ጊዜ የምታገኙት ቅርፊቱን ራሱን አይደለም። ቅርፊቱ ውስጥ ጭቃ ገባ፣ ጭቃው ድንጋይ ሆነ፣ ቅርፊቱ ሟሙቶ ጠፋ። ጣሳ ውስጥ የደረቀ ጭቃ የጣሳውን ቅርጽ ይዞ እንደሚወጣ ማለት ነው።

በዚህ ወንዝ ሰውን ሁሉ የሚያሳስተው ግን ቀጥ ያለው አሞናይት ነው። ባኩላይትስ ይሉታል፤ ስሙ በላቲን በትር ከሚለው የመጣ ነው። በሕይወቱ እንደ ከዘራ ቀጥ ያለ ነበር፣ ሲሞት ክፍል በክፍል ይሰባበራል። እኔ ሦስት ቁራጭ ለቅሜ "የእባብ አከርካሪ አገኘሁ!" ብዬ ጮኬ ነበር። ልጄ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። እውነተኛ አጥንት ሲሆን የተሰበረው ቦታ ላይ ደቃቅ ቀዳዳ እንደ ዳቦ ይታያል። ሞሳሶር የሚባል ግዙፍ የባሕር ተሳቢ አጥንት በዚያ ወንዝ ይገኛል፤ የሻርክ ጥርስም አለ፣ እሱን በአብረቅራቂነቱ ትለዩታላችሁ። ለቃሚዎቹ ሲጠራጠሩ በምላሳቸው ይነኩታል፤ ቀዳዳ ያለው የአጥንት ድንጋይ ምላስ ላይ ይጣበቃል። እኔም ሞክሬዋለሁ። ባለቤቴ ይህን እንዳታነብ። ከላይ ካለው ጠጠር ደግሞ የማሞዝና የጎሽ አጥንት ይወርዳል፤ እሱ የትናንት ነው፣ በሺህ የሚቆጠር ዓመት ብቻ።

ለመሄድ የምታስቡ፦ ወንዙ ላይ ሬልፍ ሆል የሚባል ሐይቅ ለመሥራት ከ2021 ጀምሮ ግድብ ስለተገነባ የድሮው የፎሲል ፓርክ ቦታ ተዘግቷል፣ ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛውሯል። ጠይቃችሁ ሂዱ። ዝናብ ካለም ቅሩ።

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ፤ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። አሞናይት ሲባል የሎጥ ልጆች አሞናውያን የመሰለው አለ፤ አይደለም። ስሙ የመጣው አሙን ከተባለው የግብፅ አምላክ ነው፤ በአውራ በግ ቀንድ ነበር የሚሣለው። በ79 ዓ.ም. ቬሱቪየስ ሲፈነዳ የሞተው ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ ስለ ድንጋዮች በጻፈው ክፍል የአሙን ቀንድ የሚባል ወርቃማ ድንጋይ ያነሳል። የት አገር አለ መሰላችሁ? ኢትዮጵያ! ከኢትዮጵያ እጅግ የተቀደሱ ድንጋዮች አንዱ እንደሆነና የሚፈታ ሕልም እንደሚያሳይ ይነግረናል። ለመፎከር ግን አትቸኩሉ። የሮማውያን ኢትዮጵያ ከግብፅ በስተደቡብ ያለው አገር ሁሉ ነው፤ አሙን በብርቱ የሚመለክበት ደግሞ የኩሽ አገር፣ የዛሬው ሱዳን ነበር። የእኛ ነው ብዬ አልምልም። ያም ሆኖ ስሙ ከእኛ ሠፈር አቅጣጫ የወጣ ነው።

ቀጥሎ ያለው ግን የእኛ ለመሆኑ ጥርጥር የለውም። በ1868 ጄኔራል ናፒየር ጦሩን ይዞ ከዙላ ወደ መቅደላ ሲወጣ ብላንፎርድ የሚባል የሥነ ምድር ሰው አብሮ ነበር። ከሕንድ የሥነ ምድር መሥሪያ ቤት የተላከ ነው። ወታደሩ መንገድ ሲጠርግ እሱ ድንጋይ ይመለከታል። በ1870 መጽሐፉን አወጣ። ዛሬም የኛ ምሁራን "የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ"፣ "የአንታሎ የኖራ ድንጋይ" የሚሉት እሱ በሰጠው ስም ነው፤ አንታሎ ያለው ሕንጣሎን ነው። ከ16 ዓመት በኋላ ደግሞ ኦብሪ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ከሸዋ የወሰዳቸው ቅሪተ አካላት ፓሪስ ላይ ተመርምረው ታተሙ። ስለ መቅደላ ሲነሳ ዘውዱን፣ ብራናውን እንቆጥራለን፤ መቁጠርም አለብን። በዚያው ዘመቻ ተራራችን በእንግሊዝኛ መነበብ መጀመሩን ግን ማንም አያነሳውም።

ያ የኖራ ድንጋይ ከጎሐ ጽዮን ወርዳችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ አውቶቡሱ እያቃሰተ የሚያልፈው ድርብርብ ግድግዳ ነው። የባሕር ወለል ነበር። ዕድሜው ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው፤ የቴክሳሱን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። የአዲስ አበባ ፎቅ የቆመበት የሙገር ሲሚንቶም ከዚሁ ከዓባይ ተፋሰስ የኖራ ድንጋይ የተፈጨ ነው።

እኔ ደጀን ነው ያደግሁት። ፍየል ስጠብቅ ገደሉ አፋፍ ላይ ዛጎል የሚመስል ድንጋይ ኪሴን እስኪቀደው እለቅም ነበር። አያቴን ብጠይቃቸው "የኖኅ ውኃ ትቶት የሄደው ነው" አሉኝ። ትምህርት ቤት ወስጄ ብጠይቅ መምህሩ "ቆሻሻህን ከክፍል አውጣ" አለኝ። አወጣሁት፤ ሁለተኛም አልጠየቅሁም። ዛሬ ሳስበው ከመምህሩ ይልቅ አያቴ ቀርበው ነበር። ቢያንስ ውኃ እንደነበረ አውቀዋል።

እናም ያን ዕለት ወንዙ ውስጥ ልጄ አሞናይቱን ይዛ "አባዬ፣ እንዲህ ያለ ባገርህ አለ?" ስትለኝ ሳላስብ "የለም፣ እኛ አገር ባሕር የለም" አልኳት። ኪሴን ስቀድበት የኖርኩት ሰው! "ባገርህ" ማለቷም ራሱ ወግቶኛል፤ ያ ሌላ ቀን።

ማታ ለእህቴ ደጀን ደወልኩ። ከአጥሩ ሥር ፈልጋ ሁለት ፎቶ ላከችልኝ። አሞናይት አይደለም። ሁለት ክዳን አለው፤ አንዱ ክዳን ከሌላው ይተልቃል፣ የእያንዳንዱ ክዳን ግራና ቀኝ ግን እኩል ነው፣ የጥንት የዘይት ኩራዝ ይመስላል። ብራኪዮፖድ ይባላል። የተለመደው ዛጎል ቢሆን ሁለቱ ክዳኖች እንደ ሁለት መዳፍ ይመሳሰሉ ነበር። እህቴ "በሰው ልላክልህ?" አለችኝ። ተዪው፣ እዚያው ይቀመጥ፣ ከአገር የወጣው ይበቃል አልኳት።

ፎቶውን ለልጄ አሳየኋት። ክረምት ላይ ራሷ ሄዳ እንድታየው ለትኬቱ ማጠራቀም ጀምረናል። ተራው ተንቀሳቀሰ፣ ልሂድ። ደጀን፣ ሕንጣሎ ወይም ሐረር ያደጋችሁ፣ ልጅ ሆናችሁ የለቀማችሁት ካለ ቅርጹን ጻፉልኝ።