ጠጠሩን ማን ሠራው?

የጡት ካንሰር የያዛት ሴት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምታስተውለው በእጅ ሲዳሰስ ጠጠር የሚል እብጠት ነው። ያን ጥንካሬ በአብዛኛው የሚሰጠው በሴሎቹ መካከል የተዘረጋ፣ ኮላጅንና ሌሎች ፕሮቲኖች የተጠላለፉበት መረብ ነው። ማትሪክስ ይሉታል። ይህን መረብ የሚሠራው ማነው? ጥያቄው ተራ ይመስላል። በመልሱ ላይ ግን የሕሙማን ዕድሜ ተንጠልጥሏል።

በፈረንጆቹ 1889 እንግሊዛዊው ሐኪም ስቲቨን ፔጄት በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሕሙማንን መዝገብ አገላብጦ፣ ካንሰር ያገኘው ቦታ ሁሉ ላይ እንደማይበቅል አሳየ። ዘሩ የሚስማማው አፈር ይፈልጋል አለ። ግሩም ምሳሌ ነው፤ ችግሩ ዘር አፈሩን አይሠራም። በ1986 ደግሞ አሜሪካዊው ሃሮልድ ድቮራክ ዕጢን ከማይሽር ቁስል ጋር አመሳሰለው፦ ሰውነት ቁስሉን ሊጠግን መረቡን ይደርባል፣ አሁንም ይደርባል። በሁለቱም ታሪክ መረቡ የጎረቤት ሥራ ነው፤ በተለይ ፋይብሮብላስት የተባሉት ጤናማ ሴሎች።

ታዲያ ጎረቤቱን ብናስወግድስ? በቆሽት ካንሰር መረቡ እጅግ ከመወፈሩ የተነሳ መድኃኒት እንደልብ አያስገባም። ሳሪዴጊብ የተባለው መድኃኒት የተሞከረው ይህን አጥር እንዲያፈርስ ነበር። በጥር 2012 ሙከራው ተቋረጠ፤ ከኬሞው ጋር መድኃኒቱን የወሰዱት ሕሙማን ኬሞ ብቻ ከወሰዱት ቀድመው እየሞቱ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በአይጦች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ፋይብሮብላስቶቹ ሲቀነሱ ካንሰሩ እንደሚብስ አሳዩ። ለካ አጥሩ ካንሰሩንም አጥሮ ይዞት ነበር!

በዚያው 2012 ኤም አይ ቲ ውስጥ አሌክሳንድራ ናባና ሪቻርድ ሃይንስ ጥያቄውን በብልሃት ፈቱት። የሰው የቆዳ ካንሰር ሴል አይጥ ላይ አሳደጉ። የሰውና የአይጥ ፕሮቲን በጥቂቱ ስለሚለያይ፣ መረቡን በማስ ስፔክትሮሜትር ሲመረምሩት የሰው የሆነው ከካንሰሩ፣ የአይጥ የሆነው ከጎረቤቱ መጣ ማለት ነው። ሁለቱም ሠሪዎች ሆነው ተገኙ። በ2014 በጡት ካንሰር ላይ ሲደግሙት፣ ካንሰሩ ራሱ ከሚያመርታቸው መካከል ኤስ ኤን ኢ ዲ 1 እና ኤል ቲ ቢ ፒ 3 የተባሉት ሲቀነሱ በአይጦቹ ውስጥ ሥርጭቱ ቀነሰ።

በ2019 የሃይንስ ቡድን ወደ ቆሽት ተመለሰ። ከመረቡ ክብደት ከ90 በመቶ በላይ የጎረቤት ሥራ ነው። የጎረቤቶቹ ፕሮቲኖች ግን ድብልቅ ናቸው፤ አንዳንዱ ከረጅም፣ አንዳንዱ ከአጭር ዕድሜ ጋር ይያያዛል። ከካንሰሩ ሴል የሚወጡት እነዚያ ጥቂቶቹ ናቸው ከሕሙማኑ ዕድሜ ማጠር ጋር አብረው የሚሄዱት።